«የሆድ ሕመም፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ» እስከ መቼ?



ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከቢቱዋሕ ለኡሚ የተላከላቸውን ደብዳቤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በቂርያት ማላኺ ወደሚገኘው ቢሯችን መጡ። «ልጆቼ፣ ምን እንደሚል ንገሩኝ። ልጄ አንብቦልኝ ነበር፤ ግን ዐይኑን ከኔ አሸሸ» አሉን። አነበብንላቸው። የአካል ጉዳት ጡረታ ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል። የሐኪሞች ኮሚቴ በቀረቡለት ሰነዶች ውስጥ የመሥራት ችሎታቸውን ሊቀንስ የሚችል በሽታ አላገኘም ይላል።

እኚህ እናት ሥራ ጠል አይደሉም። አሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ሲያጥቡ ኖረው፣ በመጨረሻ ባልዲ ማንሳት ሲያቅታቸው ከሥራ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የሕክምና መዝገባቸውን ቅጂ አስወጣንና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የዘጠኝ ዓመት ወረቀት ነው። በነዚህ ዓመታት ስለ ሆዳቸው ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል። በምርመራ ውጤት ዓምድ ላይም ከሠላሳ ጊዜ በላይ አንድ ዓይነት መስመር ተጽፏል፤ «የሆድ ሕመም፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ»። ከአጠገቡ ቁጥር አለ። ከሥሩ አንዴ የአሲድ መቀነሻ፣ አንዴ አካሞል፣ አንዴ ደግሞ «ቅመም ትቀንስ» የሚል ምክር አለ። (በርበሬያችን በዚህ አገር ያልተከሰሰበት በሽታ የለም።) ሦስት ሐኪሞች ተፈራርቀዋል፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ታዲያ ኮሚቴው ከዚህ ወረቀት ምን ያንብብ? ለአጠቃላይ የአካል ጉዳት ጡረታ አንድ ሰው ቢያንስ 60 በመቶ የሕክምና ጉዳት፣ ወይም ከጉዳቶቹ አንዱ ብቻውን 25 በመቶ ከደረሰ በድምሩ 40 በመቶ ሊመዘንለት ይገባል። ሚዛኑ የሚጀምረው ስም ካለው በሽታ ነው። ስም ያልወጣለት ሕመም ሚዛኑ ላይ አይወጣም። እናታችን ዘጠኝ ዓመት ታመሙ፤ በወረቀቱ ዐይን ግን አንድም ቀን አልታመሙም።

ይህን የምንጽፈው አንድን ክሊኒክ ወይም አንድን ሐኪም ለመክሰስ አይደለም። በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ የምንሠራ ማኅበራዊ ሠራተኞች ስንገናኝ አንዳችን የጀመርነውን ወሬ ሌላው ስለሚጨርሰው ነው። ያው መስመር በሦስቱም ከተሞች በወላጆቻችን መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ብዙዎች «እሱ የኮምፒውተር ነገር ነው፣ የጸሐፊ ሥራ ነው» ይሉናል። እኛ አይደለም እንላለን። ማን ወደ ልዩ ሐኪም እንደሚላክ፣ ማን መነጽር እንደሚገባለት፣ ማን ጡረታ እንደሚያገኝ፣ ማንስ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ እንደሚታመን የሚወስነው ይኸው መስመር ነው።

መስመሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም ሐኪሞች ለየበሽታው ቁጥር የሚሰጡበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ። መነሻው ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ ቤርቲዮን በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበው፤ ዐሥረኛው እትም በ1990 ጸደቀ፤ ዐሥራ አንደኛው ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የሞቱትን ለመቁጠር የተጀመረው መጽሐፍ ዛሬ ሕያዋንን ይመድባል። የሆድ ሕመም በዘጠነኛው እትም 789.0፣ በዐሥረኛው አር 10 ነው። የጨጓራ ቁስለት ሌላ ቁጥር አለው፤ የጨጓራ መቆጣት ሌላ፣ ቢልሃርዚያ ሌላ፣ «ከአእምሮ የመነጨ የሆድ ዕቃ መታወክ» ደግሞ ሌላ።

አሁን ልብ በሉ። የሆድ ሕመም በመጽሐፉ ውስጥ ከበሽታዎች ጋር አልተመደበም፤ ምልክቶች በተሰበሰቡበት ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው። መጽሐፉ ራሱም ይህ ምዕራፍ መቼ እንደሚሠራ ያስረዳል። ሁሉ ነገር ተመርምሮ የበለጠ ግልጽ ስም መስጠት ሳይቻል ሲቀር፣ ምልክቱ በመጀመሪያው ቀን ታይቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲጠፋ፣ ሕመምተኛው ተመልሶ ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይም ምርመራው ሳያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ሲላክ ነው። እናታችን ከነዚህ ከየትኛው ናቸው? ሁሉ ነገር አልተመረመረላቸውም። ሕመሙ አልጠፋም። እሳቸውም መመለስ አላቆሙም፤ ሠላሳ ጊዜ ተመልሰዋል! ወደ ሌላ ቦታም አልተላኩም። ለመጀመሪያው ቀን የተፈቀደ ቃል ለዘጠኝ ዓመት አገለገለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ እንዴት እንደሚሆን እንናገር። እዚህ ላይ ከሩቅ የምንመሰክር አይደለንም። እኛ በ1990ዎቹ በልጅነታችን የመጣን ነን። በዘጠኝና በዐሥር ዓመታችን የእናቶቻችን አስተርጓሚዎች ነበርን። ከክፍል ተጠርተን ወጥተን፣ ቦርሳችንን በጀርባችን ይዘን በሐኪሙና በእናታችን መካከል ተቀምጠናል። እናታችን ትናገራለች፤ ረጅም ጊዜ ትናገራለች፤ እኛ ወደ ሐኪሙ ዞረን «ኮኤቭ ላ ሀቤተን» እንላለን፤ ሆዷን ያማታል። አለቀ። ሐኪሙ ይጽፋል።

ምን ብላ ነበር? «ባዶ ሆዴን ሲሆን ይሞረሙረኛል፣ ሌሊት ያስነሳኛል፣ ትንሽ ስቀምስ ይተወኛል» ብላ ነበር። ይህን የሰማ ሐኪም ሁሉ ቁስለትን ያስባል። «ይቆርጠኛል» ብላ ነበር፤ ቁርጠት ሌላ ነው። «ቃር ይለኛል» ብላ ነበር፤ እሱም ሌላ ነው። «ይነፋኛል»፣ «ያቅለሸልሸኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ወስፋቴ ይጮኻል»፦ አማርኛችን ለሆድ የሰጠው ቃል ከሕክምና መጽሐፉ ቁጥሮች አያንስም። በልጅ አፍ ሲያልፍ ሁሉም «ኮኤቭ» ሆነ። «ኮሶ አለብኝ» ስትል ደግሞ ልጁ ለኮሶ የዕብራይስጥ ቃል ስለሌለው ዝም ይላል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ብላ ከደረቷ በታች የጨጓራዋን አፍ ስትይዝ ልጁ ልብ የሚለውን ቃል እንዳለ ይተረጉመዋል፤ ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል፤ ልቧ ደኅና ይሆናል፤ «ምንም የለባትም» ተብሎ ይጻፋል።

ከሁሉ የሚከብደን ግን ሆነ ብለን ያልተረጎምነው ነው። «ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ይህን ንገረው» ያለች እናት አለች። ልጇ የዐሥር ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። አፈረ፤ አልተናገረም። ጥቁር ሰገራ ከላይኛው የሆድ ዕቃ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ ሊያመለክት እንደሚችል ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ያ ልጅ ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ ከኛ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው ብለን እንለፍ።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የድሮ ነገር ነው፣ አሁንማ ሐኪሞቹ ስለ ባህላችን ተምረዋል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ተምረዋል። ጠባችንም በከፊል ከዚሁ ትምህርት ጋር ነው።

በሥልጠና አዳራሾች ውስጥ ተቀምጠን ሰምተናል። ኢትዮጵያውያን ኀዘናቸውን በሆድ ይገልጻሉ ይባላል። «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ አረረ» የሚሉት በስላይድ ላይ ይጻፋሉ። እንደ ቋንቋ ትምህርት ስሕተት የለበትም። ሆዳችን የስሜት ቤት ነው፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ከአዳራሹ የሚወጣው ሐኪም ይዞት የሚሄደው አቋራጭ ነው፤ ኢትዮጵያዊት ሆዴን ካለች አዝናለች ማለት ነው ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ግን «ሆዴ ባሰኝ» እና «ሆዴን ቆረጠኝ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። አማርኛ ሁለቱን አያምታታም። የሚያምታታው ግማሹን የተማረ ሰው ነው። የባህል ዕውቀት ጥያቄ ለመጠየቅ ካላገለገለ፣ ላለመጠየቅ ሰበብ ይሆናል።

ይህ በኛም አልተጀመረም። ከኛ በፊት ከኢራን የመጡ አይሁድ ሕመማቸውን በአካላቸው ሲገልጹ በዚህ አገር ሐኪሞች ዘንድ «ፓርሲቲስ»፣ ማለትም የፋርሶች በሽታ፣ የሚል የፌዝ ስም ወጥቶላቸው ነበር። ካረን ፕሊስኪን የምትባል አንትሮፖሎጂስት በ1987 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ጽፋለች። ፓርሲቲስ በየትኛውም እትም ቁጥር የለውም። የኛ ግን በጨዋ ስም ቁጥር አግኝቶ ገባ።

ደግሞስ «ከጭንቀት ነው» የሚለው ፍርድ ራሱ ምን ያህል ጊዜ ተሳስቷል? የጨጓራ ቁስለት ለብዙ አሠርት ዓመታት በመላው ዓለም የጭንቀትና የአሲድ በሽታ ነው ሲባል ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሐኪሞች የአብዛኛው ቁስለት ሥር ሄሊኮባክተር የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። አልታመኑም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ መደብ ውስጥ አስገባው፤ በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ነው። ምርመራውም ውድና አስፈሪ አይደለም፤ በትንፋሽ ይለካል። ታዲያ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሆዴን ባለ ጊዜ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ባክቴሪያው ነው ወይስ ናፍቆቱ?

ለፍትሕ ያህል ሌላውንም ስሕተት እንናገር፤ እሱንም በየሳምንቱ እናየዋለን። ልጃቸውን የቀበሩ፣ ባላቸው ጎንደር የቀረባቸው፣ በመንገድ ላይ በሱዳን ያዩትን ለማንም ያልተናገሩ እናቶች አሉ። እውነትም ሆዳቸው ብሷል። ለነሱ ደግሞ «የጨጓራ መቆጣት» ተብሎ ይጻፋል፤ ማንም በመነጽር ያላየው ጨጓራ ተቆጥቷል ይባላል፤ ኪኒኑ ለዓመታት ይታደሳል። ለጨጓራ የተጻፈ ማዘዣ ሰውን ወደሚያነጋግር አይልክም። ስለዚህ ጥያቄያችን ሁሉንም አካል አድርጉት ወይም ሁሉንም ነፍስ አድርጉት አይደለም። ሰውየው ያለውን ስሙና ያንን ጻፉ ነው።

ካልተጻፈው በታች ምን ሊኖር ይችላል? ከምናውቀው ጥቂቱን እንጥቀስ። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትንሽ ትል አለ፤ በሰው አንጀት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሠርት ዓመታት ይኖራል። ሰውየው ከኢትዮጵያ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም ትሉ ሊኖርበት ይችላል። ተሸካሚው አንድ ቀን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ኮርቲዞን ሲታዘዝለት ትሉ በአካሉ ሁሉ ሊሠራጭና ሊገድለው ይችላል። መዝገቡ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ያነበበ ሐኪም ከኮርቲዞኑ በፊት ምን ብሎ ይመርምር? ቢልሃርዚያም እንዲሁ ዓመታት ተቀምጦ ጉበትን ይጎዳል፤ በሰገራ ምርመራም ሊያመልጥ ይችላል። በአንጻሩ የወጣቶቻችን ነገር አለ። ክሮን የሚባለው የአንጀት በሽታ ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ያልተለመደ ነበር፤ በእስራኤል ብዙ ዓመት በቆዩትና እዚህ ባደጉት ላይ ግን መታየት መጀመሩን የዚህ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። ለሽማግሌው «ናፍቆት» የሚለው አቋራጭ ለወጣቱ «የውትድርና ጭንቀት» ይሆናል። ለሠራዊቱ የሚሄደውን የጤና ቅጽ የሚሞላው የቤተሰብ ሐኪም ከመዝገቡ እየተነሣ መሆኑን ወላጆች ልብ ይበሉ፤ በችኮላ የገባች አንዲት የአእምሮ ቁጥር ልጁን እስከ ባኩም ትከተለዋለች።

ሐኪሞች ይህን ስንላቸው የሚመልሱት አላቸው። ሁለቱን እንመዝን። አንደኛው «ያላወቅሁትን አላወቅሁም ማለት ሐቀኝነት ነው፤ በግምት የበሽታ ስም ብጽፍ ይሻላል?» የሚል ነው። አይሻልም። እኛም የግምት ስም ያበላሸውን መዝገብ አይተናል። በመጀመሪያው ጉብኝት «የሆድ ሕመም» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ትክክል ነው። በሦስተኛው ጉብኝት ግን ከሥሩ «ይህን ጠረጠርሁ፣ ይህን አዘዝሁ፣ ውጤቱ ይህ ነው» የሚል ሊኖር ይገባል። አላወቅሁም የሚል ሐቀኛ ሰው ለማወቅ ይነሣል። ሠላሳ ጊዜ አላወቅሁም ብሎ የሚቀመጠውን ግን ሐቀኛ ለማለት ይከብደናል።

ሁለተኛው መልስ የጊዜ ነው። ለአንድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ብቻ አለኝ ይላሉ። እናምናቸዋለን፤ ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ እኛም ተቀምጠናል። ይሁንና ሠላሳ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ አምስት ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከአስተርጓሚ ጋር ቢጠፋ ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ይተርፍ ነበር። ኩፓት ሖሊሙም የሠላሳ ጉብኝት ወጪ ባልወጣበት።

አስተርጓሚ ከየት ይመጣል እንዳይሉን፣ ይህ አገር አሠራሩን ከኛ በፊት ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ረፉአ ሽሌማ» የሚባለው ፕሮግራም በክላሊት ክሊኒኮች ከኛው ወገን የሆኑ አገናኞችን አስቀምጦ ነበር። ጤና ብሪኡት የሚባለው ማኅበርም በነዚያው ዓመታት ተቋቁሞ ለወገኖቻችን ጤና ሲሠራ ኖሯል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በ2011 ባወጣው ሰርኩላር ቁጥር 7 የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል እንዲያመቻቹ አዟል። በስልክ የሚሰጥ የሕክምና ትርጉም በአማርኛም አለ። ሐኪሙ ስልኩን ብቻ ማንሣት ነው ያለበት። የሕመምተኛ መብት ሕግ ከ1996 ጀምሮ አለ፤ በአንቀጽ 13 ሐኪሙ ሕመምተኛው በሚገባ ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲያስረዳ፣ በአንቀጽ 17 ደግሞ ሕመምተኛው የተናገረው የቀድሞ የጤና ታሪክ፣ የምርመራ ውጤቱና የሕክምናው ትእዛዝ በመዝገቡ እንዲጻፍ ያዝዛል። ሕጉ «ሕመምተኛው እንደተናገረው» ነው የሚለው፤ የዐሥር ዓመት ልጅ እንዳሳጠረው አይልም። በዚያው በ1996 ነው ወገኖቻችን ለማዳን የለገሡት ደም በምስጢር ሲጣል እንደኖረ የተሰማው። ሐኪም ዘንድ የምንቀርበው ይህን በልባችን ይዘን እንደሆነ ለማስታወስ ያህል ብቻ ነው ያነሣነው።

ያቭኔ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ታልሙድ በአባቶቻችን ዘንድ አልነበረም፤ እኛ እዚህ በትምህርት ቤት ነው ያገኘነው። ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ከሮማዊው አለቃ ከለመናቸው ነገሮች አንዱ ያቭኔና ሊቃውንቷ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሌላው ልመናው ግን ለረቢ ጻዶቅ ሐኪም ነበር። ረቢ ጻዶቅ ኢየሩሳሌም እንዳትጠፋ አርባ ዓመት ጾሞ አንጀቱ ተጣብቆ ነበር። ታልሙድ ሕክምናውን ቀን በቀን ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ብጣሪ የተዘፈዘፈበት ውኃ፣ በማግሥቱ ብጣሪና ዱቄት የተቀላቀለበት፣ ከዚያ የዱቄት ውኃ፤ አንጀቱ ጥቂት በጥቂት እስኪከፈት ድረስ። ምክንያቱ፣ የተሰጠው ነገር፣ ቀኑ፣ ውጤቱ፤ ሁሉም አለ። የያቭኔ ሽማግሌዎቻችን በመዝገባቸው ላይ ይህን ያህል ቢጻፍላቸው ይበቃን ነበር።

ግን ጣታችንን ወደ ሌላ ስንቀስር ወደራሳችንም እንይ። እኛም ሐኪሙን አናግዘውም። «ደኅና ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ጨዋነት ነው፤ ሐኪሙ ግን «ተሽሏታል» ብሎ ይጽፋል። ባልገባን ነገር ላይ «ኬን፣ ኬን» እንላለን። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የጃርዲያ መድኃኒት ጎረቤት ከጎረቤት ተካፍለን እንውጣለን፤ ለሐኪሙ አንነግረውም። የሆድ ነገር ሁሉ «ጨጓራ ነው» ብለን ራሳችን ቁጥር እንሰጠዋለን። ክብደት የቀነሰችን ሴት «ደርባባ ሆንሽ» እንላታለን። ልጆቻችንንም ዛሬም ከክፍል እያወጣን ሐኪም ቤት እንወስዳለን። እባካችሁ ይህን እንተው። ልጅ የእናቱን ሰገራ ጉዳይ መሸከም የለበትም።

ከኩፓት ሖሊሞቹ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ የተናገረው ቃል በራሱ አነጋገር በመዝገቡ ይጻፍ፤ «ይሞረሙረኛል» ካለች «ይሞረሙረኛል» ተብሎ ከነትርጉሙ ይግባ። በጉብኝቱ ማን እንዳስተረጎመ ይጻፍ፤ ልጅ ከሆነ «ልጅ» ይባል፤ ይህን ለመጻፍ የሚያፍር ሐኪም ስልኩን ያነሣል። የምልክት ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ኮምፒውተሩ ያስታውስ፤ ማዘዣን ለማደስ የሚያስታውስ ኮምፒውተር ይህ አያቅተውም። ክብደት ይመዘን፣ የደም ብዛት ይታይ፤ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የጠቆረ ሰገራ ካለ መነጽሩ ቶሎ ይታዘዝ። ይህን የምንለው ከራሳችን ፈጥረን አይደለም፤ የሆድ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ከእናንተ ከአንባብያን የምንጠይቀው ደግሞ መዝገባችሁን እንድታስወጡ ነው። በአንቀጽ 18 መብታችሁ ነው። ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው ቅጂውን ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናነባለን። በዚህ ዕትም የዕብራይስጥ ገጽ ላይ በሳጥን ውስጥ አጭር ጽሑፍ አትመናል፤ «አማርኛ ነው የምናገረው፤ እባክዎ በስልክ አስተርጓሚ ይጥሩልኝ፤ ያልኩትንም እንዳልኩት ይጻፉልኝ» ይላል። ቆርጣችሁ ከኩፓት ሖሊም ካርዳችሁ ጋር ያዙት።

እናታችንን ወደ ሐኪሙ የሸኘናቸው ይህንኑ ጽሑፍ አስይዘን ነበር። ሐኪሙ አንብቦ ስልኩን አነሣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በስልኩ ወዲያ ማዶ ካለችው ሴት ጋር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ጥቁሩን ሰገራ ተናገሩ፤ ቀሚሳቸው እንደሰፋቸው ተናገሩ። ደማቸው ተመረመረ፤ የብረት ማነስ ያመጣው ከባድ ደም ማነስ ተገኘ፤ ባልዲውን ያከበደው እሱ ነበር። በመነጽር ሲታይ የሚደማ ቁስለት አለ፤ ባክቴሪያውም አለ። ሁለት ሳምንት ፀረ ተሕዋስያን ወሰዱ። በያቭኔ የምናውቃቸው አንድ አባት ያው መስመር ተጽፎላቸው ሲኖሩ፣ መነጽሩ ሲደርስላቸው ጊዜው አልፎ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ቀብራቸው ላይ ቆመናል።

አዲሱን የጉብኝት ወረቀት ስናነብላቸው እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ይኸንኑ አይደል እንዴ ዘጠኝ ዓመት ያልኩት?» አሉን። ወረቀቱን ከይግባኙ ጋር አያይዘን ለቢቱዋሕ ለኡሚ ልከናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።